ነፋስና የቡና ፍሬ፦ ከኒውተን ብረት እስከ ባንኮ ጎቲቲ አልጋ

የቡና ፍሬ ከተለቀመ በኋላ ሲኒ እስኪገባ ድረስ ዕጣው ሁለት ጊዜ በአየር እጅ ይወድቃል። መጀመሪያ በማድረቂያ አልጋ ላይ፣ ቀጥሎ በመቁያው ላይ። በአልጋው ላይ አየር ሙቀት ሰጥቶ ውሃ ይወስዳል። በመቁያው ላይ ደግሞ ሙቀት ሰጥቶ ጭስና ገለባ ይወስዳል። በሁለቱም ጊዜ ፍሬው አርፎ አይቀመጥም፤ ይገላበጣል፣ ይናወጣል፣ ይዞራል። አንድ ነገር ከሚነፍስ አየር ሙቀት የሚቀበልበትን ሕግ አውጥቶ በቁጥር ለመጻፍ የአውሮፓና የአሜሪካ ሊቃውንት 250 ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል። ቡና ቆዪዎቻችንና ቡና አድራቂዎቻችን ሥራውን የተማሩት በእጃቸው፣ በዓይናቸውና በአፍንጫቸው ነው። ሁለቱ መንገዶች በየዘመናቸው ተጉዘው የሚገናኙባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው፤ ከእነዚህ አንዱ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጌዴኦ ዞን፣ በጌዴብ ወረዳ የምትገኘው ባንኮ ጎቲቲ ናት።

መቁያውና እጅ

የቡና ተክል የኢትዮጵያ ደን ልጅ ነው። ስለ መጠጡ ያለው የቆየ የጽሑፍ ማስረጃ ግን በ15ኛው ክፍለ ዘመን በየመን ሱፊዎች ዘንድ ይጠጣ እንደነበር የሚናገረው ነው። የጥንቱ አቆላል በጠፍጣፋ መቁያ ሲሆን፣ በእኛ አገር ይህ ሥርዓት እስከ ዛሬ አልተቋረጠም።

ሥራው ሲታይ ቀላል ይመስላል። ጥሬው ቡና ይታጠባል፣ መቁያው ላይ ይደረጋል፣ ውሃው እስኪመጥና ስሱ ሽፋን እስኪለቅ ይታሻል። ከዚያ በኋላ የቆዪዋ እጅ አያርፍም። ፍሬው ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቡናማ ሲለወጥ ማማሰያው ይዞራል፣ መቁያው ይነቀነቃል። ቡናው መንጣጣት ሲጀምር እጇ ይፈጥናል። ለአፍታ ብትዘነጋ ብረቱን የነካው ጎን ያርራል፣ ውስጡ ግን ጥሬ ይቀራል። ጠፍጣፋ መቁያ ሙቀቱን የሚሰጠው በአብዛኛው በንክኪ ነውና፣ እያንዳንዱ ፍሬ ጎኑን በየተራ ለብረቱ ካልሰጠ እኩል አይበስልም። የአየሩን ድርሻ የሚሸፍነው የእጅ እንቅስቃሴ ነው። ተቆልቶ ሲያበቃ ቡናው ሰፌድ ላይ ይገለበጣል፤ በሰፌዱ ሲናፈስ ገለባው ይበርራል፣ ፍሬውም ይቀዘቅዛል። ካልቀዘቀዘ በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላልና ማናፈሱ የአቆላሉ የመጨረሻ ክፍል ነው።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን ካይሮ ውስጥ በእሳት ላይ የሚዞር የብረት ሲሊንደር ለቡና መቁያ መዋል እንደ ጀመረ ይነገራል። ይህ የእጁን ሥራ ወደ እጀታ ያሸጋገረ የመጀመሪያ እርምጃ ነበር፤ የሚዞረው ማማሰያው መሆኑ ቀርቶ ዕቃው ራሱ ሆነ።

የለንደኑ የጋለ ብረት

እ.ኤ.አ. በ1701 የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ መጽሔት በላቲን የተጻፈ፣ የጸሐፊው ስም ያልሰፈረበት አጭር ጽሑፍ አወጣ። ጸሐፊው አይዛክ ኒውተን ነበር። በዚያን ዘመን ኒውተን የእንግሊዝ ሳንቲም መምቻ ቤት ኃላፊ ስለነበር ብረት ማቅለጥና ማቀዝቀዝ ለዕለት ሥራው ቅርብ ነገር ነበር።

ሙከራው እንዲህ ነው። አንድ ወፍራም ብረት ፍም እስኪመስል ያግላል፣ በጉጠት ይዞ ያወጣዋል፣ በላዩም የተለያዩ ብረቶችና የብረት ድብልቆች ቁርጥራጮችን ያስቀምጣል። ቁርጥራጮቹ ይቀልጣሉ፤ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ደግሞ እያንዳንዱ በየራሱ ሰዓት ይረጋል። ኒውተን ሰዓቱን ይመዘግባል። ለዝቅተኛው ሙቀት የተልባ ዘይት የተሞላ ቴርሞሜትር ነበረው፤ በዚያ መለኪያ በረዶ የሚቀልጥበት ነጥብ 0፣ የሰው ገላ ሙቀት 12 ነው።

ለዚህ ትረካ ዋናው ነገር ብረቱን ያስቀመጠበት ቦታ ነው። ኒውተን ብረቱን ያኖረው ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ አልነበረም፤ እኩል በሆነ ፍጥነት በሚነፍስ ነፋስ ውስጥ ነበር። ምክንያቱንም ጽፏል፦ ብረቱ ያሞቀውን አየር ነፋሱ ጠርጎ እንዲወስድና በምትኩ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ አየር እንዲመጣ ነው። ከዚህ ሙከራ የወጣው ሕግ አንድ ነገር የሚያጣው ሙቀት ከአካባቢው ጋር ባለው የሙቀት ልዩነት መጠን ነው ይላል። ልዩነቱ ሲበዛ ማጣቱ ይፈጥናል፣ ሲያንስ ይዘገያል። ነፋሱ ራሱ ምን ያህል እንደሚጨምርና እንደሚቀንስ ግን ሕጉ አይነግርም። ያ ጥያቄ ሳይመለስ ለረጅም ጊዜ ቆየ።

የከበሮው ዘመን

19ኛው ክፍለ ዘመን ቡናን ከቤት ወደ ፋብሪካ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1846 አሜሪካ ቦስተን ውስጥ ጄምስ ካርተር ከምድጃ ውስጥ ተስቦ የሚወጣ ትልቅ ሲሊንደር ሠራ። ችግሩ ቡናው ከበሰለ በኋላ ሲሊንደሩን ከእሳት ጎትቶ እስኪያወጡና እስኪገለብጡት ድረስ ማረሩን አለማቆሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1864 የኒውዮርኩ ጄቤዝ በርንስ ለዚህ መልስ አመጣ፤ የእሱ ከበሮ ከእሳቱ ሳይነሳ፣ መዞሩንም ሳያቆም በሩ ሲከፈት ቡናውን ራሱ ወደ ውጭ ይገፋል። በ1868 ደግሞ ጀርመን ውስጥ፣ በራይን ወንዝ ዳር ባለችው ኤመሪክ ከተማ፣ ኋላ ፕሮባት በሚል ስም ዓለም ያወቀው የመቁያ ፋብሪካ ተቋቋመ።

ከበሮው ሁለት ነገር ለወጠ። አንደኛ፣ ፍሬው ያለማቋረጥ ወደ ላይ እየተነሳ ስለሚወድቅ ብረቱን የሚነካው ለአፍታ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ፍሬዎቹ አየር ላይ በሚሆኑበት ቅጽበት የጋለው አየር በዙሪያቸው ያልፋል። በከበሮው ውስጥ የሚያልፈው አየር እየበዛና እየተመጠነ ሲሄድ የሙቀቱ ትልቅ ድርሻ ከብረት ንክኪ ወደ ነፋስ ተሸጋገረ። መቁያ ሠሪዎቹ ይህን ያዩት በቡናው ቀለምና በጣዕሙ ነው። በስሌት የሚያስረዳቸው ሰው ገና አልመጣም።

ስሌቱ ከሌላ አቅጣጫ እየቀረበ ነበር። የማንችስተሩ መሐንዲስ ኦስቦርን ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1874 ባወጣው ጽሑፍ ፈሳሽ ከብረት ላይ ሙቀት የሚወስደው በሁለት መንገድ ነው አለ፦ አንደኛው በሞለኪውሎች ዝግ ያለ መቀላቀል፣ ሁለተኛው ፈሳሹ ሲሽከረከርና ሲደባለቅ። በ1883 በመስታወት ቱቦ በሚወርድ ውሃ መካከል ቀጭን የቀለም ክር ለቀቀ። ውሃው ቀስ ሲል ክሩ ሳይበጠስ እንደ ተዘረጋ ይዘልቃል፤ ሲፈጥን በአንድ ቦታ ላይ ድንገት ይበተናል። መበተኑን የሚወስነው የፍጥነቱ፣ የቱቦው ስፋትና የፈሳሹ ውፍረት አንድ ላይ የሚሰጡት ቁጥር ነው። ያ ቁጥር ዛሬ በስሙ ይጠራል።

የሚለጠፈው አየር

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1904 በሃይደልበርግ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ጉባኤ ላይ ሉድቪግ ፕራንትል የተባለ የ29 ዓመት ጀርመናዊ አጭር ንግግር አደረገ። ያለው ነገር ይህ ነው፦ የሚነፍስ አየር የትኛውንም ነገር ሲያልፍ፣ ገላውን የነካው አየር በገላው ላይ ይለጠፋል፤ ፍጥነቱ ዜሮ ነው። ከዚያ ወጣ ሲባል ፍጥነቱ በጣም ስስ በሆነ ሽፋን ውስጥ ከዜሮ ወደ ሙሉ ነፋስ ይደርሳል። ሙቀትም ሆነ የውሃ ትነት ይህን ስስ ሽፋን አቋርጦ ማለፍ አለበት። ነፋስ ሲበረታ ሽፋኑ ይሳሳል፣ መንገዱም ያጥራል። ኒውተን ከ200 ዓመት በፊት ብረቱን ነፋስ ውስጥ ሲያስቀምጥ የጠረገው ይህንኑ ሽፋን ነበር።

በ1915 ቪልሄልም ኑሰልት ይህን ሁሉ በጥቂት ቁጥሮች ጠቅልሎ አቀረበ። ከእነዚህ አንዱ፣ በስሙ የሚጠራው፣ የሚነፍሰው አየር ሙቀቱን ዝም ካለ አየር ይልቅ ምን ያህል አብልጦ እንደሚያደርስ የሚናገር ነው። በ1938 ኒልስ ፍሮስሊንግ በነፋስ ውስጥ የሚተን ጠብታን አጠና። በ1952 ደግሞ አሜሪካኖቹ ዊልያም ራንዝና ዊልያም ማርሻል ጥናቱን አስፍተው እስከ ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ የሚገኘውን ቀመር አወጡ። ቀመሩ ለአንዲት ክብ ነገር ነው። ዝም ባለ አየር ውስጥ የኑሰልት ቁጥሯ 2 ነው። ነፋስ ሲመጣ በ2 ላይ ይጨመራል፤ ጭማሪው ግን የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ሥር ነው።

ይህን ለቡና እናውለው። ከነቅርፊቱ ያለች አንዲት የታጠበ ቡና ፍሬ የ8 ሚሊ ሜትር ክብ ናት እንበል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ በሆነ ቦታ፣ በሰከንድ 1 ሜትር የሚሄድ፣ ጭስ አዘንብሎ የሚወስድ ቀላል ነፋስ ቢያገኛት የኑሰልት ቁጥሯ ወደ 13 ይደርሳል። ዝም ባለ አየር ከምታገኘው ከስድስት እጥፍ በላይ ነው። ነፋሱ አራት እጥፍ ቢበረታ ግን ትርፉ ሁለት እጥፍ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ትልቁ ጥቅም ያለው ዝም ያለውን አየር በማነቃነቁ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ነፋስ መጨመር እያደር ትርፉ ይቀንሳል።

ቀመሩ የሚናገረው ብቻዋን ስለ ተቀመጠች ፍሬ ነው። በአልጋ ላይ ግን ፍሬ በፍሬ ላይ ተደራርቦ ይተኛል። ከታች ያለው በላይኛው ተከልሏል፤ በመካከል የታፈነው አየርም እርጥበት ጠጥቶ ጠግቧል። ይህን የሚፈታው እጅ ነው።

የታጠበ ቡና ወደ ጌዴኦ ሲመጣ

ራንዝና ማርሻል ቀመራቸውን ባወጡ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1953፣ አዲስ አበባ ፒያሳ ላይ ቶሞካ የቡና መቁያ ቤት ተከፈተ። ስሙ የጣሊያንኛ ቃላት ምህጻር ሲሆን ዘመናዊ የቡና መቁያ ማለት ነው። ከተሜው ተቆልቶ የተፈጨ ቡና ገዝቶ ወደ ቤቱ መግባት ጀመረ። በ1957 ደግሞ መንግሥት ብሔራዊ የቡና ቦርድን አቋቋመ፤ የቡና ጥራትና ንግድ የመንግሥት ጉዳይ ሆነ።

በዚያ ጊዜ የጌዴኦ ቡና የሚሸጠው በአብዛኛው ከነገለባው የደረቀ ጀንፈል ሆኖ ነበር። ገበሬው እሸቱን ከእንሰትና ከጥላ ዛፍ ሥር ለቅሞ ደጁ ላይ ያሰጣዋል። መሬት ላይ የተሰጣ ቡና አየር የሚያገኘው ከላይ ብቻ ነው፤ ከሥሩ መሬቱ እርጥበት ይመልስለታል፣ ሽታውንም ያስይዘዋል።

በ1960ዎቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በይርጋ ጨፌ አካባቢ የእሸት ቡና መፈልፈያና ማጠቢያ ጣቢያዎች መተከል ጀመሩ። ከዚያ በኋላ በደርግ ዘመን የአውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበረሰብ በደገፈው የቡና ማሻሻያ ፕሮጀክት ጣቢያዎቹ ተበራከቱ። ቀይ እሸት በባለ ዲስክ መፈልፈያ ተፈልፍሎ ገላው ይወጣል፤ ፍሬው በገንዳ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቀን ተኩል እስከ ሦስት ቀን ይብላላል፤ ከዚያ በቦይ ውሃ እየተገፋ ይታጠባል። ያኔ ማድረቂያው ከመሬት ተነሳ። በእንጨት ቋሚዎች ላይ ወገብ በሚደርስ ቁመት ሽቦና ስስ መረብ ተዘረጋ፤ ሰዉም አልጋ አለው። አየር ከላይም ከታችም ገባ። በጌዴኦ ቡና ታሪክ ውስጥ ከመፈልፈያው ማሽን ያላነሰ ለውጥ ያመጣው ይህ ቀላል የእንጨትና የሽቦ ሥራ ነው።

ፍሬው ሲንሳፈፍ

ጌዴኦ አልጋውን ሲያስፋፋ የዓለም የቡና ቆዪዎች ወደ ሌላ ጽንፍ ሄዱ። ጀርመናዊው ፍሪትስ ቪንክለር እ.ኤ.አ. በ1922 የድንጋይ ከሰል ፍርፋሪን ከሥር በሚነፋ ጋዝ እንደ ፈሳሽ የሚያፈላ ሥራ በፓተንት አስመዝግቦ ነበር። ጋዙ ፍሬዎቹን ወደ ላይ የሚገፋበት ኃይል ከክብደታቸው ጋር ሲስተካከል ፍሬዎቹ እርስ በርስ ይለቃሉ፣ ይንሳፈፋሉ፣ ይደባለቃሉ። የነዳጅ ማጣሪያዎች ይህን ዘዴ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በስፋት ያዙት።

የኬሚካል መሐንዲሱ ማይክል ሲቬትስ በ1976 ይህንኑ ዘዴ ለቡና አዋለው። በእሱ መቁያ የሚዞር ከበሮም ማማሰያም የለም፤ የጋለ አየር ቡናውን ከሥር አንስቶ ያዋኘዋል። እያንዳንዱ ፍሬ በየአቅጣጫው በአየር ስለሚከበብ ሙቀቱን በእኩል ያገኛል፣ ገለባውም ከአየሩ ጋር ወጥቶ ይሄዳል። የቆዪዋ እጅ፣ የካይሮው ሲሊንደርና የበርንስ ከበሮ የደከሙለትን ሁሉ ነፋሱ ብቻውን ሠራው። በከበሮም ይሁን በነፋስ መቁያ፣ ፍሬው ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲጠጋ መንጣጣት ይጀምራል፤ ከወጣ በኋላም ቀዝቃዛ አየር በፍጥነት ያልፍበታል። በዘመናዊ መቁያ ቤቶች ባለ ወንፊት ክብ ትሪ ላይ ክንፎች ቡናውን ሲያገላብጡና ማራገቢያ አየር ወደ ታች ሲስብ የሚታየው፣ በሰፌድ ማናፈስ በሞተር ሲሠራ ነው።

ይሁን እንጂ ምርጥ መቁያ በክፉ የደረቀን ቡና አያድንም። በአልጋ ላይ የተሰነጠቀ፣ የሻገተ ወይም ሳይደርቅ የታሸገ ቡና የትም ዓለም ቢሄድ ጉድለቱ አብሮት ይሄዳል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የጌዴኦ ታሪክ ወደ አልጋው የተመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

የቦታው ስም በከረጢቱ ላይ

በ1994 ዓ.ም. የይርጋ ጨፌ ቡና ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን ተቋቋመ። መሠረታዊ ማኅበራቱ እሸት ከአባላቶቻቸው ሰብስበው፣ አጥበውና አድርቀው በዩኒየኑ በኩል በቀጥታ ወደ ውጭ መሸጥ ቻሉ። የግል አቅራቢዎች ቡና ግን ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል ማለፍ ግድ ሆነበት። በምርት ገበያው ቡና በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ስለሚሸጥ የአንድ ቀበሌ ቡና ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ የቦታው ስም ይጠፋ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ይህን አሠራር ካላላ በኋላ የግል ጣቢያዎችና ላኪዎችም የቀበሌውን ስም በከረጢቱ ላይ ማስፈር ጀመሩ።

ወርቃ፣ ጨልበሳ፣ ባንኮ ጎቲቲ በውጭ ቆዪዎች አፍ የገቡት በዚህ መንገድ ነው። ባንኮ ጎቲቲ የጌዴብ ወረዳ ቀበሌ ስትሆን የገበሬዎች ማኅበሯ ስመ ጥር ከሆነው የወርቃ ማኅበር ተከፍሎ ራሱን የቻለ ነው። ከዲላ ተነስቶ የሞያሌን መንገድ ይዞ በይርጋ ጨፌ በኩል ወደ ደቡብ የሚሄድ ሰው ከፍታው እየጨመረ፣ አየሩም እየቀዘቀዘ ሲመጣ ይሰማዋል። የባንኮ ጎቲቲ ቡና የሚበቅለው ወደ 2,000 ሜትርና ከዚያ በላይ በሆነ ከፍታ ነው። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ማለዳው ጉም ነው፣ ሌሊቱ ብርድ ነው። በዚህ ላይ እሸቱ ዘግይቶ ስለሚቀላ ለቀማው ወደ ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ይገፋል።

በአልጋው ላይ የሚውል ቀን

የታጠበው ቡና ከቦዩ ወጥቶ አልጋ ላይ ሲደርስ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። 52 በመቶ ውሃ ያለበትን 100 ኪሎ ቡና ወደ 12 በመቶ ለማውረድ 45 ሊትር ያህል ውሃ መውጣት አለበት። አንድ ሊትር ውሃ በአልጋው ሙቀት ለማትነን 2.4 ሜጋ ጁል ስለሚያስፈልግ ድምሩ 109 ሜጋ ጁል ገደማ ይሆናል። ይህን በማገዶ እንሥራው ብንል፣ ምንም ሙቀት ሳይባክን እንኳ ከሰባት ኪሎ በላይ ደረቅ እንጨት ይነድዳል፤ በእውነተኛ ምድጃ የሚነድደው ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው። በባንኮ ጎቲቲ አልጋዎች ላይ ይህን ሁሉ የሚከፍሉት ፀሐይና ነፋስ ናቸው።

በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቡናው በስሱ ይበተናል፤ ብዙ ጊዜም ጥላ ይደረግለታል። አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች የሆኑት ሠራተኞች በአልጋው ግራና ቀኝ ቆመው የተሰበረውን፣ የጠቆረውን፣ ነፍሳት የበላውን ይለቅማሉ፤ እርጥብ ሳለ ጉድለቱ ጎልቶ ይታያል። ላዩ እርጥብ እስከሆነ ድረስ የሚመጣው ሙቀት ሁሉ ውሃ በማትነን ያልቃልና ፍሬው ብዙ አይሞቅም። ይህ ጊዜ የነፋስ ጊዜ ነው፤ የራንዝና የማርሻል ቀመር ሙሉ ሥልጣን ያለው እዚህ ላይ ነው። መገላበጡ መብዛት ያለበትም አሁን ነው፤ እጅ ባለፈ ቁጥር የታፈነው እርጥብ አየር ይለቃል፣ የታችኛው ፍሬ ወደ ላይ ይወጣል።

ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ነገሩ ይለወጣል። የላዩ ውሃ አልቆ የቀረው በፍሬው ውስጥ ነው፤ ወደ ላይ የሚወጣውም በራሱ ዝግታ ነው። ነፋስ ቢበረታ ከዚህ በኋላ ብዙም አያፋጥነውም፤ የሚዘገየው ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ ነው። ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ላዩ ደርቆ ስለሚሞቅ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል፣ ውስጡም ሳይደርቅ ላዩ ይጠነክራል። ስለዚህ ፀሐይዋ ከምትከርርበት ከ5 ሰዓት ገደማ እስከ 9 ሰዓት ቡናው ይሸፈናል። ማታም ይሸፈናል፤ ጥርት ባለ ሌሊት የተገለጠ ፍሬ ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከአየሩ በታች ስለሚቀዘቅዝ ጤዛ ይይዘዋል፣ ቀን የወጣው ውሃም ይመለሳል። ጠዋት ጉሙ ሲገፈፍ ይገለጣል። እንዲህ እየተባለ የታጠበው ቡና ከ10 እስከ 15 ቀን፣ ከነገላው የሚደርቀው ደግሞ ሦስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይቆያል።

የመግለጫውንና የመሸፈኛውን ሰዓት የሚወስነው ዓይንና እጅ ነው፤ የእርጥበት መለኪያ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ለማረጋገጥ ነው። ሠራተኞቹ ስለ ፕራንትል ስስ ሽፋን ባይሰሙም መቼ ነፋሱን መጋበዝ፣ መቼ መከልከል እንዳለባቸው ያውቃሉ። ሳይንሱ ከኒውተን እስከ ራንዝና ማርሻል ተጉዞ የደረሰበት ነጥብም ይኸው ነው፦ መጀመሪያ አየሩ ያዝዛል፣ ኋላ ፍሬው ያዝዛል።

ከታሪኩ የሚገኘው ፍርድ

መስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዘገበ። የተመዘገበው እንሰት፣ ቡናና ዛፍ አንድ ላይ የሚኖሩበት እርሻና ያንን የጠበቀው የሕዝቡ ሥርዓት ነው። ይህ ምዝገባ ለማድረቂያው ጉዳይም መልእክት አለው። ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ አልጋው ላይ ያለን ቡና ሲያበላሽ፣ በማገዶ የሚሠራ ማድረቂያ ማምጣት ቀላሉ መልስ ይመስላል። ነገር ግን በ100 ኪሎ ቡና ሰባት ኪሎ እንጨት ያልነው የማይገኝ ዝቅተኛ ወጪ ነው። የቡናው ጥላ የሆነውን ዛፍ አንድዶ ቡናውን ማድረቅ ቅርሱን ከሥሩ መቁረጥ ነው።

የተሻለው መንገድ በታሪኩ ውስጥ ተጽፏል። አልጋውን ነፋስ በሚመጣበት አቅጣጫ መትከል፣ በአልጋዎቹ መካከል አየር የሚያልፍበት ቦታ መተው፣ ቡናውን በስሱ ማስጣት፣ ዝናብ የሚከለክል ግን ጎኑ ክፍት የሆነ ጣሪያ መሥራት፣ ማራገቢያ ከተጨመረም ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ብቻ ማሠራት። በዲላ ዩኒቨርሲቲም ይሁን በሌላ ቦታ ማድረቂያ ለመሥራት የምታስቡ ወጣት መሐንዲሶች፣ ንድፋችሁን ከመጀመራችሁ በፊት ጥር ላይ ጌዴብ ውረዱ፤ በአልጋዎቹ መካከል ቆማችሁ ቡናው መቼ እንደሚገለጥና መቼ እንደሚሸፈን መዝግቡ። ጣቢያ ያላችሁ ነጋዴዎችና ማኅበራትም የምታገላብጠውን ሴት ደመወዝ ከጥራት ወጪ ቁጠሩት። በባንኮ ጎቲቲ ስም ለሚሸጠው ቡና ተጨማሪ ዋጋ ከሚያስገኙት ነገሮች አንዱ የእሷ እጅ ነው፤ ከዋጋው ድርሻዋን ማግኘት ይገባታል።